በደቂቃ 225 ቃላት
(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶችና ወላጆች በተዘጋጀ የሙያ ምክክር ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ከእኔ በፊት ሐኪምና የሶፍትዌር መሐንዲስ ተናግረዋል። ከእነሱ በኋላ ቆሞ ስለ ችሎት ጽሕፈት ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። አንዳንድ እናቶች ከወዲሁ «ልጄን ይህን ሁሉ ባሕር አሻግሬ ያመጣኋት ታይፒስት እንድትሆን ነው?» እያላችሁ በልባችሁ እንደምታጉረመርሙ ይገባኛል። እናቴም ይህንኑ ብላለች፤ ያውም በልቧ አልነበረም።

እዚህ አገር ችሎት ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁት ይሆናል። ከዳኛውና ከምስክሩ ፊት፣ በመቆሚያ ላይ ትንሽ ማሽን አስቀምጦ፣ ማንንም ሳያይ የሚጽፍ ሰው አለ፤ የችሎት ጸሐፊ ይባላል። የጠበቃውን ጥያቄ፣ የምስክሩን መልስ፣ የዳኛውን ትእዛዝ አንድም ቃል ሳያስቀር ይይዛል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ምስክሩን ዳግም ጠርቶ አይሰማም፤ የሚያነበው ይህ ሰው የጻፈውን ግልባጭ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። በፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ ስህተትም ከተጻፈ ይወረሳል።

ያው ሰው በማግስቱ መስማት ለተሳነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመምህሩን ንግግር እየተነገረ ሳለ በስክሪን ላይ ሊያወጣ ይችላል። የቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት የግርጌ ጽሑፍም የዚሁ ሙያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት በዚህ መንገድ በቀጥታ ተጽፏል፤ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ደግሞ ሥራውን ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ሕዝብ ስብሰባዎች አስፋፍቶታል።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። ስቴኖታይፕ ይባላል። ዋና ቁልፎቹ 22 ብቻ ናቸው፤ ላያቸው ላይ ፊደል አልተጻፈም። እንደ ኮምፒውተር ሰሌዳ አንድ በአንድ አይነኩም፤ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ይጫናል። የግራ እጅ የቃሉን መነሻ ድምፅ፣ አውራ ጣቶች አናባቢውን፣ ቀኝ እጅ መድረሻውን ይይዛሉ። «ካት» ለማለት ኬ፣ ኤ እና ቲ በአንድ ምት ይወርዳሉ። በግራ በኩል የኤፍ ቁልፍ የለም፤ ቲና ፒ አብረው ሲጫኑ ኤፍ ይሆናሉ። ዲ፣ ቢ፣ ኤልም እንዲሁ በጥምረት ይፈጠራሉ። የእንግሊዝኛ የፊደል አጻጻፍ እዚህ ቦታ የለውም፤ የሚጻፈው ድምፁ ነው። ሀ ሁ ቆጥሮ ያደገ ልጅ ይህ አይከብደውም፤ የእኛ ፊደልም ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ አጣምሮ ድምፅን የሚጽፍ ነውና።

ንድፈ ሐሳቡን በጥቂት ወራት ታውቁታላችሁ። ፈተናው ፍጥነቱ ነው። የብሔራዊ የችሎት ጸሐፊዎች ማኅበር ለመጀመሪያው የሙያ ማረጋገጫ ሦስት የፍጥነት ፈተና ይሰጣል፦ በደቂቃ 180፣ 200 እና 225 ቃላት፤ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ማለፊያው ከመቶ 95 ነው። የመጨረሻውን እናስላው። በአምስት ደቂቃ 1,125 ቃላት ይነበባሉ፤ የሚፈቀደው ስህተት 56 ገደማ ነው። በሰከንድ ወደ አራት የሚጠጋ ቃል ማለት ነው። አንድ ስም አምልጧችሁ ለሁለት ሰከንድ ከደነገጣችሁ ሰባት ቃላት ሄደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትማሩት ያመለጠን ቃል መተው ነው፤ ያለፈውን ለመያዝ የዞረ የሚመጣውንም ያጣል።

ብዙ ተማሪ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። እስከ 120፣ እስከ 140 በደስታ ይሄዳል፤ ከዚያ ጣቶቹ ይቆማሉ። በየቀኑ ይለማመዳል፣ ለወራት አንድም ቃል አይጨምርም። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ አእምሮ ድምፁን ማሰላሰል ትቶ በቀጥታ ለጣት እስኪያስተላልፍ ጊዜ ይወስዳል። ትምህርት ቤቶች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይላሉ። እኔ ለወላጆች የምለው፦ ልጁ በ140 ላይ በተቀመጠበት ሰሞን «መቼ ነው የምትጨርሰው?» አትበሉት።

ወደ እናንተ የምመጣበት ምክንያት ግን ፍጥነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎች በፊላዴልፊያ በሥራ ላይ ያሉ 27 የችሎት ጸሐፊዎችን የጥቁር አሜሪካውያንን አነጋገር አሰምተው አስጻፏቸው። ከመቶ 95 አልፈው የተመሰከረላቸው ባለሙያዎች ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን በትክክል የያዙት ከመቶ 60 ለሚሆነው ብቻ ነበር። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው እንግሊዝኛ እንዲህ ከተሳተ፣ ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዱ እንግሊዝኛ የተማሩ አባታችን ቃላቸውን ሲሰጡ ምን እንደሚጻፍ አስቡት።

እናንተ እንዲህ ያለውን አነጋገር የሚይዝ ጆሮ አላችሁ። ለአያታችሁ ሆስፒታል፣ ለእናታችሁ ባንክ ስታስተረጉሙ ያደጋችሁ ልጆች ናችሁ። ገብረሚካኤልን ከገብረማርያም፣ ፅጌሬዳን ከፅጌ ለመለየት ችሎት ማስቆም አያስፈልጋችሁም። ሆኖም አንድ ልማድ መተው ይኖርባችኋል። ለአያታችሁ ስታስተረጉሙ ነገሩን ታለሳልሱ ነበር፤ ዶክተሩ ላይ የተቆጡትን ቁጣ ትውጡ ነበር። በዚህ ሙያ ማለስለስ የለም። ሰዋስው ከተሰበረ ተሰብሮ ይጻፋል። ምስክሩ በአማርኛ ሲናገርም ጸሐፊው የሚጽፈው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ያለውን ነው። አስተርጓሚው ሲስት ሰምታችሁ እጃችሁን መግታት፣ እመኑኝ፣ ከ225 ቃላት ይከብዳል።

«ኮምፒውተር ይህን አይሠራም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ይሠራል። ርካሹን የግርጌ ጽሑፍ ሥራ ብዙውን ወስዶታል፤ በርካታ ፍርድ ቤቶችም በድምፅ መቅጃ ይጠቀማሉ። ይህን ደብቆ ተማሪ የሚመዘግብ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ሽሹት። ነገር ግን ሁለት ጠበቆች እኩል ሲጮኹ «አንድ በአንድ ተናገሩ» ብሎ የሚያስቆም፣ በግልባጩ መጨረሻ ላይ ትክክለኛነቱን አረጋግጦ በስሙ የሚፈርም ሰው ዛሬም ይፈለጋል። አንጋፎቹ በጡረታ እየወጡ ተተኪ አጥሯል።

ለመጀመር ገንዘብ አታፍስሱ። ማኅበሩ ጀማሪዎችን የሚያስተዋውቅ የጥቂት ሳምንታት ነፃ ኮርስ አለው፤ ፕሎቨር የሚባል ነፃ ሶፍትዌርም በአንዳንድ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ላይ ያለማምዳል። የባለሙያ ማሽን ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ተማሪ ሳላችሁ ተከራዩ። ጣት አልታዘዝ ካለ ደግሞ አፍን በጭንብል ሸፍኖ የሚሰማውን ቃል በቃል እየደገሙ በድምፅ የመጻፍ ስልት አለ፤ ተቀባይነቱ ግን ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማሽኔን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስማችሁን ልትጽፉባት ትችላላችሁ። ጥያቄ ከወላጆች እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ስለ ደመወዝ እንደሚሆን ስለማውቅ መልሱን ላስቀድም፦ በአገር አቀፍ ደረጃ መካከለኛው ገቢ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በግል የሚሠሩ ደግሞ በሚያስረክቡት ገጽ ልክ ይከፈላቸዋል።