ብራናውስ ጠባቂ አለው

እንዴት አመሻችሁ የባህር ዳር ሰዎች፣ በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የብርቅዬ መጻሕፍት ነገር በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ወደ ለንደን ነው የምናየው። ልክ ነው፣ በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፣ ይመለሱ እንላለን፣ እኔም እላለሁ። ዛሬ ግን የማወራው አልጋችን ስር ካርቶን ውስጥ ስላለው የታተመ አሮጌ መጽሐፍ ነው።

አሮጌ መጽሐፍ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። እና የታዘብኩት ምንድነው፣ ብራናው ቢያንስ ጠባቂ አለው። ጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ባሉት ገዳማት፣ ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ዕቃ ቤት አለ፣ በ1961 ዓ.ም አካባቢ ደግሞ ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባሉ የውጭ ሊቅ ደሴቶቹን እየዞሩ ብዙውን በማይክሮፊልም አንስተውታል። ክብራን ሴት አያስገባም፣ ስለዚህ ያንን ሥዕሉ የሚያምር ወንጌል እኔ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው፣ ፎቶ ባይነሳ ጭራሽ አላየውም ነበር።

የታተመውንስ ማን ይጠብቀው? ብራና ቆዳ ነው፣ ስድስት መቶ ዓመት ይቆያል፣ ርካሽ ወረቀት ግን ከእንጨት የሚሰራ ስለሆነ ውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ይበላዋል፣ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል ከዛ ቡናማ ከዛ ገጹን ስትገልጡት ጥጉ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የተሰፋበት ሽቦ ይዝጋል፣ በሐይቁ እርጥበት ክረምት ላይ ሻጋታ ይጨመርበታል። ሰው ደግሞ አዝኖለት በስኮች ይለጥፈዋል፣ ኧረ በናታችሁ ስኮች ተዉ፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል!

በተለይ የሚቆጨኝ ቀጫጭኑ ነው፣ አንድ መምህር ስለ አገሩ ታሪክ ጽፎ ከደሞዙ ቆጥቦ ያሳተመው፣ የትምህርት ቤት ኢዮቤልዩ መጽሔት ምናምን። እነዚህ በኪሎ ተሸጠው ቆሎ ይጠቀለልባቸዋል። አንዱን በኪሎ ገዝቼ ስገልጠው ጸሐፊው ራሱ በሰማያዊ እስክሪብቶ የዘመቻ ቀን አርሞ ኅዳጉ ላይ «አባቴ ነው የነገሩኝ» ብሎበታል። ይሄ እርማት ሌላ ኮፒ ላይ የለም'ኮ!

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን አምጡ፣ ፎቶ ተነስቶ እዚሁ ይመለስላችኋል። ሽፋኑም፣ ማተሚያ ቤቱ ያለበት ገጽም፣ አያታችሁ የሞነጫጨሩበትም ሳይቀር ይነሳል። ቴሌግራም ላይ ግን አይለቀቅም። አዎ ሳቁ፣ ሁላችንም ስልካችን ላይ ፒዲኤፍ አለ፣ በዚህ የመጽሐፍ ዋጋ ተማሪ ላይ አልፈርድም። ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፣ ደግሞስ ሁሉም ስልክ ላይ ያለውን መጽሐፍ የትኛው አሳታሚ ነው ብሩን አውጥቶ ድጋሚ የሚያሳትመው? መጀመሪያ ወራሾቹን እንፈልግ፣ ባህር ዳር ሁለት ሰው ከጠየቃችሁ የማይገኝ የለም።

መዝገቡ በሩ ጋ ነው፣ ስትወጡ ስማችሁንና የመጽሐፉን ርዕስ አስመዝግቡ። የረጠበ ካላችሁ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፣ ጥላ ስር ከፈት አድርጋችሁ አድርቁትና አምጡት።