ጆን ቶምፕሰን ሜዳውን ጥሎ የወጣበት ምሽት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ ሜዳሊያችሁን ለመቀበል የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ አንድ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ተናገር ሲሉኝ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ጆን ቶምፕሰን የዚሁ የዋሺንግተን ዲሲ ልጅ ነበር። ከመካከላችሁ በሰማንያዎቹ እዚህ ከተማ የገባችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያ ግዙፍ ሰው፣ ትከሻው ላይ ነጭ ፎጣ ጣል አድርጎ የሚቆመው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1941 ተወለደ። አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ማንበብም መጻፍም አይችልም። እናቱ ሰው ቤት እያጸዳች አሳደገችው። ልጅ ሳለ ፊደል አልገባ አለው። ዓይኑ ደካማ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ያንን አላየም። «ይህ ልጅ አይማርም» ተብሎ ተፈረጀ። በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት ያገኘችው አንዲት አስተማሪ ማንበብ አስተማረችው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከኮሌጅ በኋላ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ለቦስተን ሴልቲክስ ሁለት ዓመት ተጫወተ፤ ሁለቱንም ዓመት ቡድኑ ዋንጫ በላ። ከዚያ ወደ ከተማው ተመልሶ ሃይስኩል ማሰልጠን ጀመረ። በ1972 ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥረው፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት 3 ጨዋታ አሸንፎ 23 ተሸንፎ ነበር። በ1975 ሽንፈት ሲደጋገምበት በገዛ ሜዳው ውስጥ ዘረኛ ስድብ የተጻፈበት አንሶላ ሰቀሉበት። ንቅንቅ አላለም። በ1984 ሂውስተንን 84 ለ75 አሸንፎ የአገሪቱን የአንደኛ ዲቪዚዮን የኮሌጅ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ያንን ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። «የመጀመሪያው» ሲሉት ደስ አይለውም ነበር። ከኔ በፊት ችሎታው የነበራቸው ሞልተዋል፣ የከለከላችኋቸው እናንተ ናችሁ ባይ ነበር። ሐቁን ነው!

እኔ ግን የመጣሁት ስለ ዋንጫው ለማውራት አይደለም። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አንድ የተነፈሰ ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ተጫዋች ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከዚህ ውስጥ አየሩ ሲወጣ ምን ይቀርሃል? ጥያቄው ይኸው ነው። ለዚያውም ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የልጆቹን ትምህርት ብቻ የምትከታተል ባለሙያ ቡድኑ ውስጥ ነበረችው። አራት ዓመት አብረውት ከቆዩት ተጫዋቾች 97 በመቶዎቹ ተመርቀዋል።

አሁን ወደ ጃንዋሪ 14፣ 1989 ልውሰዳችሁ። ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር፣ ካፒታል ሴንተር የሚባለው የስፖርት አዳራሽ፣ ጨዋታው ከቦስተን ኮሌጅ ጋር። በዚያው ሰሞን የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲዳብልኤ፣ ፕሮፖዚሽን 42 የሚባል ደንብ አጽድቋል። ቀድሞ የትምህርት ውጤት መስፈርቱን በከፊል ያሟላ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት አይጫወትም እንጂ ስኮላርሺፑን አያጣም ነበር። አዲሱ ደንብ ግን በዚያ ዓመት ስኮላርሺፑንም ይነፍገዋል። ማንን እንደሚመታ ግልጽ ነው። የሀብታም ልጅ ይከፍላል፤ የድሃ ልጅ ቤቱ ይቀራል።

ጨዋታው ሊጀመር ነው። ቶምፕሰን ከመቀመጫው ብድግ አለ። ለዳኛ አልጮኸ፣ ወንበር አልወረወረ። ቡድኑን ለረዳቶቹ ትቶ፣ ዝም ብሎ እየተራመደ ከሜዳው ወጣ። ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበለት። የሚቀጥለውንም ጨዋታ አልተገኘም። የተመለሰው ደንቡ እንደገና ይታያል ከተባለ በኋላ ነው። በዓመቱም ደንቡ ተለወጠ።

ትምህርት ላይ እንዲህ የከረረ ሰው የትምህርት መስፈርትን ለምን ይቃወማል? ምክንያቱም ልጅን ማስተማርና በር መዝጋት አንድ አይደሉም። እሱ ራሱ «አይማርም» የተባለ ልጅ ነበር። አንድ ወረቀት የልጅን ዕጣ ሲወስን ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

እስቲ ወደ ራሳችን እንምጣ። ልጆቻችንን ሰብስበው ከከተማ ከተማ ለውድድር የሚያዞሩ አሰልጣኞች አሉ። አንዱን ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። የማውቀው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ከክፍል እያስቀሩ ይወስዱታል። አሰልጣኙ ጠዋት ማታ ይደውላል፣ ቤታቸው መጥቶ እንጀራ ይበላል፣ እናቱን «እማማ» ይላታል። ልጁ ሒሳብ ሲወድቅ አንድ ቀን አልጠየቀም። ከዚያ የልጁ ጉልበት ተጎዳ። ስልኩ ጭጭ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ቴክስት መጣ፦ «ማሊያውን መልስ»። ተሻለህ ወይ? የለም። ማሊያውን መልስ!

ይህ ሰው አሰልጣኝ አይደለም! በልጆቻችን ጉልበት የሚነግድ ሰው ነው። የኛ ልጅ የማንም መነገጃ አይደለም!

እኛስ? ልጁ ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» እንላለን። ሪፖርት ካርዱን ማን ፈረመ? ታላቅ እህቱ! ሁለት ሥራ እየሠራን ነው፣ አውቃለሁ። የታክሲውንም የሌሊት ፈረቃውንም አውቃለሁ። ግን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነድተን ለውድድር የምናደርስ ሰዎች ለአስተማሪው አንድ ስልክ መደወል አያቅተንም።

«ኳስ የዱርዬ ነው» ብላችሁ ልጅ የምታስቀሩትም አላችሁ። ዲኬምቤ ሙቶምቦ ከዛየር፣ ከዛሬዋ ኮንጎ፣ ጆርጅታውን የመጣው ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ነው። ቶምፕሰን ኳስ አስያዘው። ዲግሪውንም ያዘ፣ በኤንቢኤም ተጫወተ፣ ኪንሻሳ ላይ በእናቱ ስም ሆስፒታል አሠራ። ይኸው።

ከመጪው ወቅት ጀምሮ እኛ ጋ የሚመዘገብ ልጅ ሪፖርት ካርዱን ይዞ ይመጣል። ውጤቱ ዝቅ ያለውን አናባርርም። ማክሰኞና ሐሙስ ከልምምድ በፊት አንድ ሰዓት ቁጭ አድርገን እናስጠናዋለን። ለዚህ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ ሰዎች ያስፈልጉናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኢንጂነር አለ፣ ነርስ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወጣቶች አሉ። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሳትወጡ ስማችሁን ጻፉልን። አመሰግናለሁ።