ልጁ ለምን ያለቅሳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ትናንት ከተማሪዎቼ ጋር ሕሙማንን ስንጎበኝ አንዷ ተማሪ እጁ በጀሶ የታሰረ ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ገና ሳትነካው፣ «ራጁ የት አለ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ክፋት የለውም። እኔን ግን ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ ተረኛ ሆኜ ወዳደርኩበት አንድ ሌሊት መለሰኝ። ስለዚያ ሌሊት እዚህ ተናግሬ አላውቅም።

ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከማንጎ ዛፍ ወድቆ፣ እጁን ዘርግቶ መሬት ሲያርፍ የክንዱ አጥንት ከክርኑ ከፍ ብሎ ተሰበረ። በዚያ ዕድሜ በጣም የተለመደ ስብራት ነው፤ አጥንቱ እዚያ ጋ ከፊትም ከኋላም ጎድጎድ ያለና ስስ ነው። ወደ እጅ የሚወርደው ዋናው የደም ቧንቧና ነርቮቹም በዚያው ያልፋሉ። አጥንቱ ተስተካክሎ፣ ክርኑ ታጥፎ፣ ጀሶ ተደረገለት። ራጁ ሲታይ ያምር ነበር። ማታ ሥራውን ስረከብ «የዚህኛው አልቋል» ተባልኩ።

እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ማልቀስ ጀመረ። ነርሷ ጠራችኝና ሄድኩ። ከጀሶው ጫፍ የወጡት ጣቶቹ አልቀዘቀዙም፤ ጥፍሩን ተጭኜ ስለቀው ቀለሙ ወዲያው ይመለሳል። ማስታገሻ አዘዝኩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተጠራሁ። እናቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዶክተር፣ ይኼ ልጅ አልቃሻ አይደለም። ሲወድቅ እንኳን እንዲህ አላለቀሰም።»

«አይዞዎት እናቴ፣ የተሰበረ አጥንት ያማል» አልኳቸው። ማስታገሻ ጨመርኩለት፤ ካርዱ ላይም ልጁ ያለቅሳል ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት መምህራችን መጡ። ራጁን አልጠየቁም። አልጋው ላይ አረፍ ብለው ልጁን በስሙ ጠሩት፤ የመሐል ጣቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው አቃኑት። ልጁ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። መምህሬ ዞር ብለው መቀስ ጠየቁ። ጀሶው፣ ከሥሩ ያለው ጥጥና ፋሻ ሁሉ እስከ ቆዳው ድረስ ተቀደደ። ያም አልበቃም፤ ልጁ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

ምን ሆኖ ነበር? የክንዳችን ጡንቻዎች ዝም ብለው ከአጥንት ጋር የተለጠፉ አይደሉም፤ እንደ ከረጢት በሸፈናቸው ጠንካራ ስስ ሽፋን ውስጥ ተጠቅልለው ነው የሚኖሩት። ያ ሽፋን አይለጠጥም። ጉዳት ሲደርስ ጡንቻው ያብጣል፤ እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። መጀመሪያ ደም የሚመልሱት ቀጫጭን ሥሮች ይታፈናሉ፤ ደሙ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ግፊቱ ይብሳል፤ ጡንቻው በተሞላ ከረጢት ውስጥ ይራባል። ትልቁ የደም ቧንቧ ግን ይህን ግፊት ችሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጣቶቹ አይቀዘቅዙም፤ ትርታውም ሊኖር ይችላል። እኔን ያታለለኝ እርሱ ነው። ከ6 ሰዓት በላይ እንዲህ የቆየ ጡንቻ አብዛኛው አይመለስም፤ ሞቶ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ያጥራል፤ ሲያጥር ጣቶቹን ወደ መዳፍ ስቦ ያስቀራቸዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ቮልክማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ይህንኑ ጽፎታል፤ ተጠያቂ ያደረገውም ጠብቆ የታሰረ ፋሻን ነው። እኔ ይህን ተምሬው ነበር፤ ተፈትኜበትም አልፌያለሁ።

እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም አላን አፕሊ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ምርመራን በሦስት ቃላት ሰብስቦታል፦ ማየት፣ መዳሰስ፣ ማንቀሳቀስ። ያን ሌሊት አይቻለሁ፤ ዳስሻለሁም። አላንቀሳቀስኩም። የታመቀ ጡንቻ ሲሳብ ሕመሙ ከስብራቱ ሕመም ጋር አይመጣጠንም፤ ይህን የሚነግረን ደግሞ ትርታው ሳይሆን የሚቃናው ጣት ነው። ማስታገሻ እየተጨመረለት የሚብስበት ልጅ ራሱ ምልክት ነበር። እናቱም ነግረውኛል፤ በየትኛውም መጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ ግልጽ አድርገው ነግረውኛል።

እጁ አልተቆረጠም። ነገር ግን ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጉም። ለመጨረሻ ጊዜ ለክትትል ሲመጣ እርሳሱን በግራ እጁ ይዞ ስሙን ጻፈልኝ። ቀኝ እጁ ደብተሩን ደግፎ ይዞ ነበር።

ክፍል ውስጥ የተቆረጠ እጅ ሲነሳ ወጌሻን መውቀስ ይቀናናል። ወቀሳው መሠረት አለው፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠፍንጎ፣ ለቀናት ሳይፈታ ቆይቶ፣ ጠቁሮና ደርቆ የመጣ የሕፃን እጅ አይቻለሁ። የልጁን እጅ ያሰርነው ግን እኛ ነን፤ ነጭ ጋወን ለብሰን። ቀርከሃም ሆነ ጀሶ፣ ለሚያብጥ ጡንቻ ያው ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ለወጌሾች በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ሳስተምር ጣትን ከማቃናት እጀምራለሁ። ውልቃትን ከወለምታ መለየትን ብዙዎቹ በእጃቸው ያውቁታል፤ አንዳንዴ ዳሰሳቸው ከተማሪዎቼ ይልቅ የሰከነ ነው። ልጁን «ጨብጥ፣ ዘርጋ፣ ጣቶችህን በትን፣ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ቀለበት ሥራ» ማለትን አሳያቸዋለሁ። ለልጁ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ግን ሦስቱንም የእጅ ነርቮች መፈተሽ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ጣት ማቃናት። ልጁ ከጮኸ ማሰሪያውን ሁሉ ፈትቶ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል።

በአንዱ ሥልጠና ከኋላ የተቀመጡ፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወጌሻ እጃቸውን አነሱ።

«ጣቱን ሳቃናው ከጮኸ፣ ስንት ሰዓት አለኝ?»

«ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው፣ አባቴ። ከዚያ በታች ቢሆን ይሻላል።»

ጥቂት አሰቡ። «ከእኛ ቀበሌ እስከ መኪና መንገድ በእግር አራት ሰዓት ነው። የታመመ ልጅ ታዝሎ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መኪናው ደግሞ በየሰዓቱ አይመጣም።» ከዚያ ከጎናቸው የተቀመጠውን ወጣት ክንድ ያዙ፤ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ፋሻ አንስተው መጠቅለል ጀመሩ። ሲጨርሱ ትንሿን ጣታቸውን በፋሻውና በቆዳው መካከል አስገብተው አሳዩኝ።

«ይኼን ያህል ላላ ካለ ይበቃል?»

ሄጄ የእኔንም ጣት አስገባሁ። ገባ።