ሰይፉ የማን ነው?

የተከበራችሁ የዕድራችን አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፤

ሊቀመንበሩ ስለ መተማው ጉዞ ጥቂት ተናገር ብለውኛል። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ አብረን የሄድን ብዙዎቻችን እዚህ ስላለን፣ ሙቀቱንና የአውቶቡሱን ብልሽት አልተርክም። ከጎንደር በአይከልና በሸኸዲ አልፈን መተማ ዮሐንስ ስንደርስ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ገላባት፣ ሱዳን መሆኑን ሁላችሁም አይታችኋል።

እኔን የከነከነኝ በጉዟችን መካከል የገባንበት ትንሽ ሙዚየም ነው። ስሙን አልጠራም። ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል ተባልንና ጠበቅን። እናቶች ነጠላቸውን አንጥፈው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ቆሎ ተዞረ፤ ጥላው ከግድግዳው ወደ መንገዱ ተሻገረ። ጌታው ከሰዓት በኋላ ብቅ አለ። በሩ ሲከፈት አቧራ የለበሰ መስታወት፣ በውስጡ አንድ ሰይፍ፣ ከሥሩ ብጣሽ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሰይፍ» የሚል ብቻ ነው። ሰይፍ መሆኑንማ ሕፃናቱም አይተውታል! ማን ታጠቀው? የት ዘመተበት? ማን አበረከተው? ብንጠይቀው «እኔ እዚህ የተመደብኩት በቅርቡ ነው» አለን።

ወገኖቼ፣ ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች፣ የሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች፣ ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ፣ ድሉ ወደ እርሳቸው ባዘነበለበት ሰዓት፣ መተማ ላይ በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ሱዳን፣ ኦምዱርማን ተወሰደ። በጥቅምት 1882 አፄ ምኒልክ እዚሁ ከበላያችን፣ እንጦጦ ማርያም፣ ዘውድ ጫኑ። ያ ሞት ባይኖር ይህ ዘውድ በዚያ ዓመት እዚህ ባልተጫነ ነበር። የደርቡሾቹን ጦር ያዘመተው የሱዳኑ ገዥ የከሊፋ አብዱላሂ መኖሪያ ኦምዱርማን ውስጥ ሙዚየም የተደረገው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ነው። እኛስ? እኛ ከሰይፍ ሥር «ሰይፍ» ብለን እንጽፋለን! ለአባቶቻችን ደም የከፈልነው ይህን ብጣሽ ወረቀት ነው?



ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚህ ሰፈር የአያቱን ጋሻ ከአልጋ ሥር ያስቀመጠ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስጡን አንልም። የማን እንደነበር፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ብቻ ያስመዝግብ። ደብተሩ ከጸሐፊያችን ዘንድ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ በር ላይ ይቀመጣሉ።

አመሰግናለሁ።