ፊቷ የማይታየዋ ሴትዮ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ቶምና ጄሪን ያላየ አድማጭ ያለኝ አይመስለኝም። ድመት አይጥ ሲያሳድድ ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም፤ ለዚህም ነው ፊደል ሳንቆጥር ጀምረን የሳቅነው። ዛሬ ግን ስለ ድመቱም ስለ አይጡም አላወራም። መጥረጊያ ይዛ ቶምን ስለምታባርረው ሴትዮ ነው። ሽርጧን፣ የወረደ ካልሲዋን፣ የቤት ጫማዋን ታስታውሱ ይሆናል። ፊቷን ግን አታስታውሱም፤ ሠዓሊዎቹ ከአንገቷ በላይ አያሳዩዋትም ነበርና።

የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1940 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ድመቱ ገና ቶም አልተባለም፤ ስሙ ጃስፐር ነው። ሴትዮዋ አንድ ዕቃ ደግሞ ብትሰብር ከቤት ትባረራለህ ብላ ታስጠነቅቀዋለች። አይጡ ይህን ይሰማና ብርጭቆና ሳህን እያነሣ ለመጣል ይሯሯጣል። ታሪኩ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሷ ቁጣ ላይ ነው። እሷን አውጡና እዩት፤ የሚቀረው ሩጫ ብቻ ነው።

በክብር ተሥላለች ማለቴ አይደለም። ወፍራም፣ ቁጡ፣ አነጋገሯ የሚያስቅ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ከካርቱን በፊትም በአሜሪካ መድረክ ላይ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁሮችን እየመሰሉ ሕዝብ ያስቁ ነበር፤ ያ ትርኢት ቀልዱን ከነመልኩ ለካርቱን አወረሰው። ቦምብ ፈንድቶ የገጸ ባሕርይው ፊት ሲጠቁርና ፀጉሩ ላይ ሪባን ብቅ ሲል የምታዩት ቀልድ የዚያው ትርኢት ልጅ ነው። እኛ ቦምቡን ብቻ ነበር የምናየው።

ድምፁ ግን የእውነተኛ ሰው ነው። ሊሊያን ራንዶልፍ ትባላለች፤ ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ናት። በሬዲዮ ድራማ ታዋቂ ነበረች፤ በ1946 በወጣው «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» ፊልም ላይም አኒ የምትባለውን ሠራተኛ ሆና ተጫውታለች። እዚያ ቢያንስ ፊት ተሰጥቷታል። ካርቱኑ ላይ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። እርግጥ የዚያን ዘመን የካርቱን ድምፅ ተዋንያን አብዛኞቹ ስማቸው አይጻፍም ነበር፤ ቢሆንም ፊትም ስምም ማጣት ይከብዳል።

የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ እንዲህ ያሉ ገጸ ባሕርያትን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ሴትዮዋም ከ1952 በኋላ ከካርቱኑ ጠፋች። ተቃውሞው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥገና ነው። በ1960ዎቹ ክፍሎቹ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጁ፣ በአንዳንዶቹ የራንዶልፍ ድምፅ ወጥቶ በአየርላንድ ቅላጼ የሚናገር የነጭ ተዋናይት ድምፅ ገባ፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ሴትዮዋ ራሷ ተፍቃ ነጭ ሴት ተሣለች። ከእነዚህ አንዱ በ1950 የወጣው ክፍል ነው፤ ወደ ቤቷ ስትሮጥ ፊቷ ለቅጽበት ብልጭ የሚልበት!

እንግዲህ አስቡት። ስድቡን የሣሉት ነጮች ነበሩ፤ ስድቡ ሲታረም ሥራዋ የተሰረዘባት ግን ጥቁሯ ተዋናይት ሆነች። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ክፍሎቹ በመጀመሪያ ድምፃቸው ይታዩ፤ መግቢያው ላይ ነገሩ ምን እንደነበረ ይነገር። ልጅ አይገባውም የሚሉ አሉ። ልጅ ሴትዮዋ ለምን ፊት የላትም ብሎ የሚጠይቀው ከእኛ ቀድሞ ነው።

ደግሞ ጥያቄው ማን ተሣለ ብቻ አይደለም፤ እርሳሱን የያዘው ማን ነበር የሚለውም አለ። ፍሎይድ ኖርማን የሚባል ጥቁር ወጣት በዲዝኒ ስቱዲዮ ሠዓሊ ሆኖ የተቀጠረው በ1956 ነው፤ ሴትዮዋ ከጠፋች ከአራት ዓመት በኋላ። ስለ እሱ በሚቀጥለው ክፍል በሰፊው አወራለሁ። ደህና ሁኑ።