ኮንትራቱ ሳይፈረም አካፋ አታንሱ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከዚህ ከሜሪላንድ ከተሞች ከፑልስቪል፣ ከዲከርሰን፣ ከፍሬድሪክም ሳይቀር በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እንድናገር የተጠየቅኩት መንግሥት ለገበሬ ስለሚሰጠው ድጋፍ በጠቅላላው ነበር። ዛሬ ግን በጠቅላላው ማውራት አይሆንልኝም። አንድ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ከርሟል፣ እሱን ልናገር።

ታሪኩን ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ። ስሟን አልጠራም። ጎመንና በሶብላ አምርታ ቅዳሜ ጠዋት ለሐበሻ ሱቆች የምታስረክበው እህታችን ናት። በሶብላ ውርጭ እንደማይችል ታውቃላችሁ። ብርዱ ሲገባ የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል። ስለዚህ ሃይ ተነል ልትሠራ ቆረጠች፤ ያው የብረት ቅስት ተተክሎ ላስቲክ የሚወጠርበትን ማለቴ ነው። እቁቧ ደርሷት ስለነበር ብሩን ለሌላ ነገር ሳትነካው ብረትና ላስቲክ ገዛች። ወንድሞቿ ከሥራ መልስ እየመጡ፣ አንዳንዴ በመኪና መብራት ጭምር፣ ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ቅስቱን አቆሙ፣ ላስቲኩን ወጠሩት። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቦታ እንኳ አልረገበም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጎረቤቷ፣ ላም የሚያረባው ሽማግሌ፣ አጥር ጋ ቆሞ “ኤንአርሲኤስ ስንት ከፈለሽ?” ይላታል። “እሱ ደግሞ ምንድነው?” አለች። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ እንዲህ ላለ ሥራ ለገበሬ ገንዘብ እንደሚሰጥ ነገራት። ሰኞ ጠዋት ሰነዷን ይዛ ቢሮ ሄደች። በትህትና ተቀበሏት። ሠራተኛው ቅጹን አውጥቶ “ሥራውን መቼ ነው የምትጀምሪው?” ሲላት “ጨርሻለሁ” አለች፣ ደስ እያላት። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ኢክዊፕ የሚባለው፣ ኤንአርሲኤስ የገበሬውን ወጪ የሚጋራበት ፕሮግራም፣ ኮንትራት ሳይፈረም ለተጀመረ ሥራ አይከፍልም። አለቀ። እሷ ደግሞ እርሻ ከጀመረች 10 ዓመት አልሞላትም፤ በደንቡ ጀማሪ ገበሬ ናት። ጀማሪ ገበሬ ከተገመተው ወጪ እስከ 90 በመቶ ሊከፈለው ይችላል። ዕቃ መግዣ ቅድሚያ ክፍያም መጠየቅ ይችላል። ይኼ ሁሉ ቀረባት። የእቁብ ብሯ ላስቲክ ሆኖ ቆሟል።

አሁን እስቲ ልጠይቃችሁ። ጎረቤቷ በምን አወቀ? አባቱ ያውቅ ነበር፣ አያቱም ያውቅ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመካከለኛው አሜሪካ አፈር በነፋስ ተነስቶ አቧራው ዋሽንግተን ድረስ ሲደርስ፣ በ1935 የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የዛሬው ኤንአርሲኤስ እሱ ነው። ለነሱ ቤት ይህ ነገር ከሦስት ትውልድ በላይ ቡና ላይ ሲወራ የኖረ ነው። ለኛ ማን ነገረን? ግብር ስንከፍል ማንም አይረሳንም፣ ገንዘቡ ሲታደል ግን የት እንደሚታደል እንኳ አንሰማም! ሌላ ካውንቲ ውስጥ አንድ ወንድማችን ሁለት ኤከሩን አስመዝግቦ እርዳታ ሊጠይቅ ቢሄድ “ለጊዜ ማሳለፊያ ነው የምታርሰው?” ተብሏል። ልጆቹን የሚያሳድግበትን መሬት! መሬትህ ትንሽ ነው ብሎ ከኢክዊፕ የሚያስወጣ ደንብ የለም። እንዲህ ስትባሉ አንገታችሁን ደፍታችሁ እንዳትወጡ። “የከለከላችሁኝን በጽሑፍ ስጡኝ” በሉ። ልመና አልሄዳችሁም።

እኛም ጋ የሚስተካከል ነገር አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 93,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት ለእርሻ ብሎ ከልሏል። ብዙዎቻችን እዚያ የያዝነው በቃል ነው። ባለመሬቱ ደግ ሰው ነው፣ ጨብጠነው ገባን። ቢሮው ግን መሬቱ በእጃችሁ ለመሆኑ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያውም ኮንትራቱ እስኪያልቅ ድረስ በእጃችሁ እንደሚቆይ። በቃል የተያዘ መሬት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ እንዳልተያዘ ነው። የኪራይ ውል ይጻፍ፣ ዓመቱ ይጠቀስ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ደግ ሰው መፈረም አይከብደውም።

ውሉን ይዛችሁ መጀመሪያ ኤፍኤስኤ ወደሚባለው የመንግሥት የእርሻ አገልግሎት ቢሮ ሂዱ፣ የእርሻ ቁጥር ያወጡላችኋል። የገቢና የአፈር ጥበቃ ቅጾችም አሉ፣ እዚያው ይሞላሉ። ከዚያ የኤንአርሲኤስ ባለሙያ መጥቶ መሬቱን አብሯችሁ ይዞራል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ማመልከቻችሁ ከሌሎች ጋር ይወዳደራል። ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ፤ የሚወዳደርበት የመጨረሻ ቀን ግን ስላለ ቀኑን ጠይቁ። ማመልከቻ አስገባሁ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ኮንትራቱ እስኪፈረም እጃችሁን ሰብስቡ! ደግሞ ስሙኝ፣ ማመልከት ነፃ ነው። “ቅጹን ልሙላልህ” ብሎ ብር የሚቀበል የራሳችን ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ከሆነም ይስማኝ፦ የወገንህን ላብ እየበላህ ነው!

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ሜሪላንድ ውስጥ 24 የአፈር ጥበቃ ዲስትሪክቶች አሉ፣ የስቴቱን ፕሮግራሞች እዚያ ጠይቁ። ከምርት በኋላ መሬቱ ራቁቱን እንዳይከርም አጃና ገብስ ለሚዘራ ስቴቱ ይከፍላል፤ ማዳበሪያው ታጥቦ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እንዳይገባ ነው። ብድር ለሚፈልግ ኤፍኤስኤ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለው። የኤፍኤስኤ የካውንቲ ኮሚቴም በገበሬ ድምፅ የሚመረጥ ነው፣ ተመዝገቡና ምረጡ።

እህታችን ተስፋ አልቆረጠችም። ከላስቲኩ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ቁልቁል ቦይ ቆፍሮ የቃሪያ መደቧን እየበላባት ነው። ለዚህ ለጎርፉ መከላከያ አመልክታለች፣ ገና ኮንትራት አልፈረመችም። ወንድሞቿ ቅዳሜ ድንጋይ ጭነው ሊያመጡላት ነበር፤ መልሳቸዋለች።

የኪራይ ውል ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አባዝተን ኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። ሳትወስዱ እንዳትሄዱ። ባለመሬቱን ለማነጋገር እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ለኔ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።