2.6 ሚሊዮን ዓመት ማን ቆሞ ጠበቀ?

አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ። ብረት-60 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ብረት ግማሽ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ሲባል ሰማሁ። ይህን ያህል ጊዜ ማን ጠብቆ ነው የለካው?

መልስ፦ ማንም አልጠበቀም። ግማሽ ዕድሜ ማለት ከያዝናቸው አቶሞች ግማሾቹ እስኪፈራርሱ የሚፈጀው ጊዜ ነው። አንዱ አቶም መቼ እንደሚፈራርስ አይታወቅም። አቶም እንደኛ አያረጅም፤ ትናንት የተፈጠረውም ሚሊዮን ዓመት የቆየውም ዕድላቸው እኩል ነው። ብዙ ሲሆኑ ግን ሒሳባቸው ይያዛል። አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን የብረት-60 አቶም ቢኖረን፣ በሰከንድ 8 ገደማ ይፈራርሳሉ። ስለዚህ ስንት አቶም እንዳለ፣ በሰከንድ ስንቱ እንደሚፈራርስ እንቆጥርና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው እናካፍላለን። ውጤቱን በ0.693 ስናባዛው ግማሽ ዕድሜው በሰከንድ ይወጣል። በቃ።

በወሬ ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ላብ ያስጠምቃል። አቶሞቹን የምንቆጥረው በክብደት በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ችግሩ ኒኬል-60 ክብደቱ ከብረት-60 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ኒኬሉን በኬሚስትሪ አጥርተን ካላወጣነው ብረት መስሎ ይቆጠራል። የብረቱ የራሱ ጨረር ደግሞ ደካማ ነው። እኔ የምወደው ዘዴ ልጁን መጠበቅ ነው። ብረት-60 ሲፈራርስ ኮባልት-60 ይወልዳል። ናሙናውን ከኮባልት አጽድተው ያስቀምጡታል። ከዚያ አዲሱ ኮባልት ቀስ እያለ ሲጠራቀም፣ በጨረር መለኪያው ላይ 1173 እና 1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ጋ ሁለት የጋማ ጨረር ጫፎች ብቅ ይላሉ። እነዚህን መሳት ይከብዳል።

አድማጭ፦ የድሮ መጽሐፍ ላይ 1.5 ሚሊዮን ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ አዲሱን። በ1984 እ.ኤ.አ. የተገኘው 1.49 ሚሊዮን ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ፖል ሸረር ኢንስቲትዩት ለዓመታት በፕሮቶን ከተደበደበ መዳብ ውስጥ በወጣ ብረት እንደገና ሲለካ 2.62 ሆነ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ከባሕር ወለል የተገኘው ብረት-60 ከፈነዳ ኮከብ የመጣው መቼ ነው የሚለው ስሌት በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ ነው።

አድማጭ፦ ቢያግሉትስ አይፈጥንም?

መልስ፦ አይ። እሳት የሚነካው የአቶሙን የውጭ ኤሌክትሮኖች ነው፤ መፈራረሱ ያለው በአቶሙ እምብርት፣ በኒውክለሱ ውስጥ ነው። ቤሪሊየም-7 የሚባለው ሌላ ራዲዮአክቲቭ አቶም የሚፈራርሰው የራሱን ኤሌክትሮን በመዋጥ ስለሆነ፣ ግማሽ ዕድሜው እንደ ኬሚካል ውሕዱ ጥቂት ይለዋወጣል፤ እሱም ቢሆን በ1 በመቶ አካባቢ ነው። ብረት-60ን ግን ቢያቀልጡትም ቁጥሩ ያው ነው።